ሁለት ስለት

አባቴ ተስሎ ፂሙን ሳይነካ
አራት ዓመት ሞላው፤ ወርዶ ደረት ለካ።
«ዘምዘም በሰላም ቤት እስክትገባ ድረስ
ምላጭ አይነካኝም» አለ፣ ቃል ላያፈርስ።

ከሪያድ ደወለች ጥቅምት መጨረሻ፤
«ወር ካሥራ አምስት ቀን ነው የኔ መመለሻ።»
እሱም እኔን ጠራኝ፣ ፂሙን እያሻሸ፤
«አንተ ነህ ምትላጨኝ» ብሎኝ ቀኑ መሸ።
እኔ? እንኳን የሰው ፂም፣ የራሴም ያልሞላ፣
ከበቆሎ እሸት ፂም የምቀር ወደ ኋላ!

ሰኞ ባቲ ወረድኩ።
ግመሉን፣ ፍየሉን፣ ጨው ተራውን አልፌ
ከብረታ ብረት ፊት ቆምኩ እጄን አጣጥፌ።
ጦይባ ዘርግታለች፣ ባሮጌ ጆንያ፣
ማጭድ፣ ጥርሱ የረገፈ ቁልፍ፣ የበር ማጠፊያ፣
ከመሃል ሦስት ምላጭ፣ ታጣፊ፣ ባለ እጀታ።
አንዱ ያብለጨልጫል እንደ ደላላ ፈገግታ፤
ሁለተኛውን ዝገት ስለቱን በልቶታል፤
ሦስተኛው ጥቁር ነው፣ ቀንድ ለብሶ ተኝቷል።

እጄ ወዳብለጭላጩ ሲሄድ አየችኝና
«አብሽር የኔ ወንድም፣ ቀስ በል፣ ገና ነህ ገና!
እንካ የመስኮት ስባሪ፣ አስተኛው፤ ከተንገዳገደ
ወገቡ የጎበጠ ነው፣ ገንዘብህ ነጎደ።»
አብለጭላጩ ዋለለ እንደ ጠጅ ቤት ሰው፤
ጥቁሩን ግን ነፋስ እንኳ አልቀሰቀሰው።
በጥፍሬ ጫፍ ነካሁት፣
ጢን… አለ። አራት መቶ ብሬን ቆጥሬ ገዛሁት።

ኮምቦልቻ ገባሁና፣ «ማን ይጠይቅ!» ብዬ
ከቦርከና ዳር ድንጋይ ተሸክሜ፣ ዝዬ፣
ሌሊቱን ፈተግኩት፣ እንደ ማጭድ፣ እንደ ገጀራ።
ሲነጋ ጠርዙ ላይ ጥርስ በቅሏል ተራ በተራ።

ጋሽ ኑርዬ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ መነጽሩን ገፍቶ
አየው፣ አየውና፣ ሳቁን በግድ ትቶ፣
«ይሄን ምስኪን» አለኝ «ማን ነው የነከሰው?
ድንጋይ ጥርስ የለውም፤ እጅህ ነው የጨረሰው።»
ከመሳቢያው አወጣ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣
ግራጫ፣ ልስልስ ድንጋይ፣ መዳፌን አክሎ።
«ውሃ አጠጣው በፊት። ከዚያ ምላጩን አስተኛው፤
ጀርባው ከድንጋይ አይነሳ፣ እሱ ነው ዳኛው።
ስለቱ ቀድሞ ይሂድ፤ ዳር ሲደርስ ይዙር ወገቡ።
አትጫነው፤ የራሱ ክብደት ነው ቀለቡ።»
«ስል መሆኑን በምን ልወቅ?»
«ወዳምፑሉ ያዘው። ጠርዙ ላይ ብርሃን ካየህ ዶልዱም ነው፤
ስል ነገር አይታይም። ፈልገህ ስታጣው፣ ያኔ አገኘኸው።»

ሦስት ምሽት። መብራት ሲጠፋ በስልኬ ባትሪ፣
ሽ… ሽ… እናቴ ከጓዳ፦ «ተኛ አንተ ጀማሪ!»
አባቴ ከወዲያ ይስላል፣ ጉንፋን ይዞት በብርዱ፤
እኔ ከወዲህ እስላለሁ፤ ቃሉ አንድ ነው፣ ሁለት ነው መንገዱ።
ባራተኛው ጠርዙ ከብርሃኑ ተሰወረ፤
የክንዴን ፀጉር ባስነካው፣ ሳይሰማኝ በረረ።
ከዚያ የአባቴ አሮጌ ቀበቶ፣ ከበሩ እጀታ ታስሮ፣
ሃያ ጊዜ ሽቅብ፣ ሃያ ጊዜ ቁልቁል፣ ጀርባው ቀድሞ፣ ዞሮ።

ዘምዘም ቅዳሜ ገባች። ልቅሶና ሳቁ ሲያባራ
አባቴ በርጩማ ይዞ ወጥቶ ከሎሚው ሥር ተጣራ፦
«የኔ ስለት ደረሰ፤ ያንተስ ስለት ደረሰ ወይ?»
ሳሙናው እጄ ላይ አረፋ ሆኗል፤ «እንጃ አባዬ፣ እንይ!»

ጉንጩን ወጠርኩ። ላቤ ከሳሙናው በለጠ።
ሽርርር… ነጩ ጭብጥ ጉልበቱ ላይ ተቀመጠ።
አራት ዓመት ተቆርጦ አቧራው ላይ ወደቀ፤
ዶሮዋ መጥታ ጫረችው፤ አባቴ ሳቀ፣
ሲስቅ ጊዜ ቆረጥኩት! አገጩ ላይ አንድ ነጥብ ደም።
ዘምዘም ሸብ ይዛ ሮጠች፤ ያልጮኸ አልነበረም።

ከፂሙ ሥር አገጩ ወጣ፤ ነጣ ያለ፣ ጎደል ያለ፣
ትታው የሄደችው፤ ጠባሳው እንኳ እዚያው እንዳለ።
ዳሰሰችው።
«አሁን ገና መጣሁ» አለች።

ከጆሮው ግርጌ ግን ጥፍር የምታህል ፂም ቀርታለች።
አይቻታለሁ። ትቆየኝ፤ ለነገ ስለት ትሆነኛለች።